በጋራ ሰሃን ላይ ያለው ምንድን ነው?

በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን የጃፓንን ምግብ ከሌላ አገር አሠራር ጋር ወደሚያዋህዱ ውድ ምግብ ቤቶች ይጋበዛሉ።

ስመ ጥሩው «ኖቡ» ነው። ጃፓናዊው ኖቡ ማትሱሂሳ በፔሩ ሠርቶ የሁለቱን አገር ጣዕም አዋሃደ፤ በ1994 እ.ኤ.አ. ከሸሪኮቹ ጋር በኒውዮርክ «ኖቡ»ን ከፈተ። ምግቡ በትናንሽ ሰሃን በተከታታይ እየመጣ መሐል ይቀመጥና ሁሉም ይካፈለዋል። ይህ ለኛ እንግዳ አይደለም፤ ተሰብስቦ፣ ቢስሚላህ ብሎ፣ ከፊት ለፊት መብላትን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል።

ጥንቃቄ የሚሻው ሌላ ነው። ዓሣው ራሱ ሐላል ነው። ነገር ግን ዝነኛው ምግብ፣ በሚሶ የተዘፈዘፈው ጥቁር ኮድ፣ በተለመደው አሠራሩ ሳኬና ሚሪን ይገባበታል። ሁለቱም ከሩዝ የሚሠሩ ሲሆኑ በተለምዶ ከመቶ 14 እጅ ገደማ አልኮል አላቸው። «እሳት ያተነዋል» ማለት አያዋጣም፤ ሲበስል ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ሥጋ ከሆነ አስተራረዱም ይጠየቃል።

ገበታው የጋራ በመሆኑ አንዱ ያዘዘው ለሁሉም፣ ለልጆችም ይደርሳል። ስለዚህ ከማዘዝ በፊት አስተናጋጁን «ሳኬ ወይም ሚሪን አለበት?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ቀድሞ የተዘፈዘፈውን «አውጡልኝ» ማለት ስለማይጠቅም ሌላ ሰሃን መምረጥ ነው። ጋባዡን አክብሮ፣ ሐላልን ጠብቆ መብላት ይቻላል። ወላሁ አዕለም።