ያውቁ ኖሯል? ረጅም ቃጫ ለምን ቀድሞ ይበጠሳል?

ከካምፓላው የጋባ ሰፈር ፊት ለፊት በተንጣለለው ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ይቀዝፉ የነበሩት የጥንት የቡጋንዳ ታንኳዎች ሳንቃቸው የተያያዘው በሚስማር ሳይሆን በእጽዋት ቃጫ ስፌት ነበር። ዛሬ ደግሞ የተልባ ግንድ ቃጫ (አዎ፣ የምንጠጣው ተልባ!) ከፕላስቲክ ጋር ተዋህዶ የመኪና በር ገበር ይሆናል፤ ከመስታወት ቃጫም ይቀላል። ችግሩ የቃጫው እንከን ነው። ተክሉ በነፋስ ሲጎብጥ፣ ይልቁንም ቃጫው ሲፋቅና ሲደቆስ፣ በክሩ ላይ ለዓይን የማይታዩ ጥቃቅን እጥፋቶች ይቀራሉ። በፖላራይዝድ ብርሃን ማይክሮስኮፕ ሲታዩ ደማቅ አግድም መስመሮች ናቸው። ቃጫው ሲሳብ ጫናው እዚያ ይከማቻል፤ ፕላስቲኩም ከክሩ መላቀቅ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከእጥፋቱ አጠገብ ነው። ቃጫው በረዘመ ቁጥር ደግሞ ከእጥፋቶቹ መካከል አንድ ክፉ የመኖሩ ዕድል ይጨምራል፤ ለመበጠስም አንዱ ይበቃል።