ቀይ ሥር ደም ይሆናል ብዬ

እህቶቼ፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጁስ ነው። ጁስ ደግሞ ምን ወሬ አለው እንዳትሉኝ። ሁለት ወር ሙሉ በጁስ ራሴን ሳታልል ከርሜ ሐኪም ቤት የገባሁ ሰው ነኝ። አሁንም ግን እጠጣለሁ፤ በቀኔ ውስጥ ለራሴ ብዬ የምሠራው ነገር ቢኖር እሱ ነው።

ቤይሩት ከመጣሁ አራት ዓመት ሆነኝ። ቤቱ ውስጥ ማዳም፣ ባሏ፣ ሁለት ልጆችና የማዳም እናት አሉ። እናትየውን ሁሉም ተታ ይላቸዋል፣ አያት ማለት ነው። አምና ማዳም ክብደት ልቀንስ ብላ ትልቅ የጁስ ማሽን ገዛች። ከዚያ ወዲህ ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቼ ካሮት፣ ፖም፣ ዝንጅብልና ቀይ ሥር መላጥ የኔ ሥራ ሆነ። እሷ አንድ ብርጭቆ ጠጥታ ትወጣለች፣ ማሽኑን የማጥበው እኔ። ያጠባችሁት ታውቁታላችሁ፤ ወንፊቱ ውስጥ የተሰገሰገው ገለባ ያለ ጥርስ ብሩሽ አይወጣም። ስለቱ ደግሞ ጣት ይበላል፤ ሶኬቱን ሳትነቅሉ እጃችሁን እንዳታስገቡ።

መብራቱ ሌላ ጣጣ ነው። የመንግሥት መብራት በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሚመጣ የምንኖረው በሰፈር ጄኔሬተር ነው፣ ኢሽቲራክ በሚሉት። የኛ ቤት 5 አምፒር ነው። ልብስ ማጠቢያውና የጁስ ማሽኑ አንድ ላይ ከሠሩ ይወድቃል፤ ከታች ወርጄ የማነሳው እኔ ነኝ። አንድ ቀን አንስቼ ስመለስ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ዓይኔ ጨለመብኝ። ግድግዳ ይዤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ድካም ነው አልኩ። ማናችን ነን የማይደክመን? ግን ቆይቶ ፀጉሬ መርገፍ ጀመረ፣ ትንሽ ስሠራ ልቤ ይመታል፣ እጄ ይቀዘቅዛል። የሚገርማችሁ ደግሞ በረዶ ማኘክ ያምረኛል፣ ከፍሪዘር እያወጣሁ ቆርጠም ቆርጠም። የወር አበባዬም ድሮ አራት ቀን የነበረው ስምንት ቀን ይፈስ ነበር። ለማዳም ስነግራት ፓናዶል ሰጠችኝ።

እኛ አገር ደም ያነሳት ሴት ምን ትባላለች? ቀይ ሥር ብዪ። እናቴም በስልክ ያለችኝ ይህንኑ ነው። እኔም ማዳምን አስፈቅጄ የተረፈውን ቀይ ሥር ለራሴ መጭመቅ ጀመርኩ። የመጀመሪያ ቀን ሽንቴ ቀልቶ ሳይ ደነገጥኩ፣ ደም መስሎኝ አለቀስኩ። ከቀይ ሥሩ ነው፣ ይሄ አንዳንድ ሰው ላይ ይታያል፤ ቀይ ሥር ሳትበሉ ከቀላባችሁ ግን ሐኪም ይየው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጁሱ ደስ ይለኝ ነበር። ያን ብርጭቆ ይዤ በረንዳው ላይ አምስት ደቂቃ ስቆም አዲስ አበባ ጁስ ቤት የገባሁ ይመስለኛል። አቮካዶ፣ ማንጎና ፓፓያ የተነባበረበት ስፕሪስ፣ ላዩ ላይ ቪምቶና ሎሚ። ስህተቴ ጁሱን መጠጣቴ አልነበረም። ቁርሴን ትቼ እሱን ብቻ መጠጣቴና ሐኪም ቤት አልሄድም ማለቴ ነው። እስቲ ምግቤን ልቁጠርላችሁ፦ ጠዋት ጁስ፣ ቀን ከልጆቹ የተረፈ ሩዝ፣ ማታ ሻይ በዳቦ። ሻይ ደግሞ በየመሃሉ።

ዳውራ የማገኛት አንዲት እህት ናት የጮኸችብኝ። «ከንፈርሽ ነጭ ሆኗል፣ ምርመራ ጠይቂ» ብላ በዓረብኛ አስጠናችኝ። እናንተም ያዙት፦ «አም ዱኽ» ያዞረኛል ማለት ነው። «ቤዲ ሩህ አል ሃኪም» ሐኪም ጋ መሄድ እፈልጋለሁ። «ፋህስ ዳም» የደም ምርመራ። ማዳም «ወጣት ነሽ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ብላ ሦስት ቀን አስጠበቀችኝ። ስለ ደረጃው የነገሯት ተታ ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ሙስተውሰፍ ሄድን፤ ሙስተውሰፍ በዝቅተኛ ዋጋ የሚያክም የሰፈር ክሊኒክ ነው።

ሄሞግሎቢኔ 8.1 ሆነ። እርጉዝ ያልሆነች ሴት ከ12 በታች ከሆነ ደም ማነስ ይባላል። ነርሷ ስለ ቀይ ሥሩ ስነግራት አልሳቀችብኝም። ደም ለመሥራት ብረት የሚባል ማዕድን ያስፈልጋል፣ ቀይ ሥር ውስጥ ደግሞ ያለው ትንሽ ነው፤ ቀለሙ ነው የሚያታልለን። ብረት በደንብ ያለው ሥጋና ጉበት ውስጥ ነው፤ ከእህል ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ። ከእህል የሚገኘውን ብረት ሰውነታችን ቶሎ አይወስደውም። ሎሚ ወይም ብርቱካን አብሮት ሲኖር ግን የተሻለ ይወስዳል፤ ሻይና ቡና ከምግቡ ጋር ሲጠጣ ደግሞ ይከለክለዋል። ለካ እኔ ያችኑ ትንሿን ብረት በሻይ እያጠብኳት ነበር!

የብረት ኪኒን ለሦስት ወር ታዘዘልኝ። ከብርቱካን ጁስ ጋር እውጠዋለሁ፣ ከሻይ ሁለት ሰዓት አርቄ። ሰገራ ያጠቁራል፣ ሆድ ያደርቃል፣ በዚህ አትደንግጡ። ኪኒኑን ልጆች ከሚደርሱበት አርቁ፣ ለሕፃን መርዝ ነው። ሳትመረመሩም ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትጀምሩ፤ ደም የሚያንሰው በወር አበባ ብዛት፣ በእርግዝና፣ በአንጀት ትል ወይም በሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል መንስኤው መታወቅ አለበት። ራሷን የሳተች፣ ደረቷን የሚያማት ወይም መተንፈስ ያቃታት ካለች ግን ቀጠሮ የለም፤ ሊባኖስ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥሩ 140 ነው።

አሁን ወደ ምግቡ ልመለስ፣ ዋናው ነገር እሱ ነውና። የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኛን አይጨምርም። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ወጥ የሥራ ውል ላይ ምግብ፣ ልብስ፣ ማደሪያና የጤና ኢንሹራንስ የአሠሪዋ ግዴታ ነው፤ በሳምንት የ24 ሰዓት ዕረፍትም ተጽፏል። ኩዌት በ2015፣ ኳታርም በ2017 ባወጡት የቤት ሠራተኞች ሕግ ምግብና ሕክምና አሠሪው ላይ ነው። ወረቀት ላይ ያለው ሁሉ ቤት ውስጥ አይገኝም፣ አውቃለሁ። ግን ምግብ ስትጠይቁ እየለመናችሁ እንዳልሆነ ማወቁ አንገት ያቀናል።

እኔ የጠየቅሁት የነርሷን ወረቀት ይዤ ነው። «ማዳም፣ ሐኪሟ ምስር ብዪ ብላለች፣ በሳምንት ሦስት ቀን ሙጀደራ ለራሴ ልሥራ?» አልኳት። ምስርና ሩዝ ርካሽ ነው፣ እምቢ አላለችም። ከላይ ሎሚ እጨምቅበታለሁ። የካሮቱን ገለባም አልጥለውም፣ ከምስሩ ጋር አቁላላዋለሁ። ማዳሟ እምቢ የምትላት እህት ግን ያልበላችበትንና የታመመችበትን ቀን ጽፋ ትያዝ፣ ለምታምነው ሰው በስልክ ትላክ፤ ለቆንስላም ሆነ ለሚረዳት ድርጅት ስትናገር ይጠቅማታል።

ጁሴ አሁን አንድ ትንሽ ብርጭቆ ነው፣ ከምግብ ጋር። ብርቱካን በክረምት ርካሽ ነው፣ በእጅ ስለሚጨመቅ መብራትም አይፈልግ። የቧንቧው ውሃ እዚህ ስለማይታመን ፍሬውን በንጹሕ ውሃ አጥባለሁ፤ በ2022 ኮሌራ ገብቶ እንደነበር አትርሱ። ጨምቄ ወዲያው እጠጣለሁ፣ አላሳድርም። ስኳር አልጨምርም፣ ሦስት ብርቱካን ስትጨምቁ የሦስቱን ስኳር ነው የምትጠጡት። ስኳር በሽታ ያለባችሁ ፍሬውን ራሱን ብትበሉ ይሻላል። የኩላሊት ጠጠር ያለባችሁ ደግሞ ቀይ ሥርና ስፒናች ማብዛቱን ሐኪም ጠይቁ።

ተታ ስኳር ስላለባቸው ጁስ አይነኩም። ባለፈው ወር ግን ኢንሱሊን ወግተው ምሳ ሳይበሉ ቆይተው ኖሮ ላብ በላብ ሆነው መንቀጥቀጥ ያዛቸው። ነቅተው ያወሩ ስለነበር ግማሽ ብርጭቆ ብርቱካን ጨምቄ አጠጣኋቸው፤ ራሱን ለሳተ ሰው ግን ምንም አይጠጣም፣ ያንቀዋል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሱ። ለማዳም ደውዬ ነገርኳት። ማታ ስትመጣ አንድ ኪሎ ብርቱካን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ይሄ ያንቺ ነው» አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት ተመረመርኩ፣ 11.4 ደርሷል። አንድ ወር ኪኒን ይቀረኛል። በረዶውን ትቻለሁ፣ ደረጃውንም አልቀመጥበትም።