የሞተር ናፍጣ፦ በኪሎ ስንት? በሊትር ስንት?

ዛሬ የምንነጋገረው ሞተር በሰዓት ስለሚበላው ናፍጣ ነው። ቁጥር ስላለበት እስቲ ደብተርና እርሳስ አቅርቡ። በጆሮ ያመለጣችሁን ደግሞ ኋላ ከዚህ ጽሑፍ ታነቡታላችሁ።

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አካባቢ ያላችሁ ነገሩን ታውቁታላችሁ። ቀይ እሸት ቡና ተለቅሞ ማጠቢያ ጣቢያ ከደረሰ ማደር የለበትም። ካደረ ጣዕሙ ይበላሻል። ስለዚህ መፈልፈያው ሌሊቱን ይሠራል። መብራት በሌለበት ወይም በጠፋ ጊዜ መፈልፈያውን የሚያዞረው የናፍጣ ሞተር ነው። የእህል ወፍጮም እንዲሁ ነው። ናፍጣው የሚገዛው በማኅበሩ ገንዘብ ስለሆነ፣ የተበላው ሁሉ በመዝገብ ይጻፋል።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ናፍጣ የምንገዛው በሊትር ነው። የሞተሩን መጽሐፍ ስንገልጥ ግን ብዙ ጊዜ በግራም ተጽፎ እናገኛለን። «ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 210 ግራም» ይላል እንበል። ሞተሩ 10 የፈረስ ጉልበት እያወጣ ከሠራ፣ በሰዓት 2100 ግራም ይበላል። ይህም 2.1 ኪሎ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት፣ ማለት 10 ሰዓት ሙሉ ቢሠራ፣ 21 ኪሎ ይበላል።

ሞተሪስቱ ግን በመዝገቡ ላይ 25 ሊትር ብሎ ጽፏል። የቁጥጥር ኮሚቴው ይህን አይቶ፣ «መጽሐፉ 21 ይላል፤ አንተ 25 ጻፍክ፤ አራቱ የት ገባ?» ቢለው ምን ይመልሳል? በ60 ሌሊት እኮ 240 ሊትር ይሆናል። አንድ በርሜል 200 ሊትር ይይዛል። እንግዲህ ሰውዬው ከአንድ በርሜል በላይ ሰረቀ ሊባል ነው። ነገር ግን አንድም ጠብታ አልጠፋም! 21ዱ ኪሎ ነው፤ 25ቱ ሊትር ነው። ናፍጣው ያው አንድ ናፍጣ ነው።

ይህ እንዴት ይሆናል? አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ናፍጣ ግን ከውሃ ይቀልላል። ውሃ ላይ ጠብ ብታደርጉት ተንሳፎ ታዩታላችሁ። አንድ ሊትር ናፍጣ 840 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ 100 ሊትር ናፍጣ 84 ኪሎ ይመዝናል። ይህችን ቁጥር ያዙ።

አሁን የሞተሩን 2.1 ኪሎ ወደ ሊትር እንለውጥ። በ100 እናባዛው፤ 210 ይሆናል። 210ን ለ84 እናካፍል። ሁለት ጊዜ 84፣ 168 ነው። 42 ይቀራል። 42 የ84 ግማሽ ነው። መልሱ ሁለት ተኩል። ሞተሩ በሰዓት 2.5 ሊትር ይበላል ማለት ነው። በ10 ሰዓት 25 ሊትር። የሞተሪስቱ ጽሕፈት ልክ ነበር። ከሊትር ወደ ኪሎ ስትመለሱ ደግሞ በ84 አባዝታችሁ ለ100 ታካፍላላችሁ።

የተገላቢጦሹም አለ። 25ቱ ሊትር ራሱ ኪሎ ነው ብሎ እንደገና ለሚያካፍል ሰው፣ 30 ሊትር ገደማ ይወጣለታል። ያን ጊዜ አምስት ሊትር በየሌሊቱ ቢጠፋ ጠያቂ የለውም።

በሬዲዮ የተነገረውን ብቻ አትመኑ፤ ራሳችሁ መዝኑ። በሚዛን ከተማ ሚዛን ይታጣል ብዬ አልሠጋም! ባዶ የ20 ሊትር ጀሪካን መዝኑ። 1200 ግራም ሆነ እንበል። ልክ 20 ሊትር ናፍጣ ቀድታችሁ ደግማችሁ መዝኑ። 18 ኪሎ ከሆነ፣ ናፍጣው ብቻውን 16,800 ግራም ነው። ለ20 ስታካፍሉት 840 ይሆናል። ከዚህ ትንሽ ቢወርድ ወይም ቢወጣ አትደንግጡ፤ ናፍጣ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የቡናውን ሚዛን የምትጠቀሙ ከሆነ ግን ላስቲክ አንጥፉበት። ቡና የሌላ ነገር ሽታ ቶሎ ይስባል። በአጠገቡም እሳት አይኑር።

«ታዲያ የሞተር ሠሪዎቹ ለምን በሊትር አይጽፉልንም?» ትሉ ይሆናል። ናፍጣ ሲሞቅ ያብጣል። ጠዋት በብርድ የተሞላ 200 ሊትር፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ቢጨምር አንድ ሊትር ተኩል ያህል ይጨምራል። ክብደቱ ግን አይለወጥም። ስለዚህ በኪሎ መጻፉ ያስተማምናቸዋል። በርሜልም እስከ አፉ የማይሞላው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ ነገር የተማሩትንም አሳስቷል። ሐምሌ 16 ቀን 1975 ዓ.ም. በካናዳ አንድ ቦይንግ 767 አውሮፕላን 69 ሰዎች ይዞ ተነሣ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ1976 ዓ.ም. የተረከበው ዓይነት ነው። የነዳጅ መለኪያው ስለተበላሸ ሠራተኞቹ በእጅ አሰሉ። በታንኩ 7,682 ሊትር ነበር። አንድ ሊትር የአውሮፕላን ነዳጅ 0.8 ኪሎ ያህል ነው። እነርሱ ግን በ1.77 አባዙት። ያ ቁጥር የኪሎ ሳይሆን ፓውንድ የሚባለው ሌላ መለኪያ ነው። 13,597 ኪሎ አለን አሉ፤ እውነቱ ግን 6,200 ኪሎ እንኳ አይሞላም ነበር። የጨመሩትንም በዚያው ስሌት ስለቀዱ፣ ከሚያስፈልገው 22,300 ኪሎ ግማሹን እንኳ ሳይዙ በረሩ። ሁለቱም ሞተሮች በሰማይ ላይ ጠፉ። አብራሪዎቹ አውሮፕላኑን እንደ አሞራ አንሳፈው ጊምሊ በሚባል አሮጌ ማረፊያ አሳረፉት። የሞተ ሰው አልነበረም።

እስቲ ቁጥሮቹን እንደገና ተመልከቱ። 7,682 ሊትር 13,597 ኪሎ ሆነ። ኪሎው ከሊትሩ በለጠ! ናፍጣም ቢሆን፣ ቤንዚንም ቢሆን፣ ላምባም ቢሆን ከውሃ ይቀልላል፤ ስለዚህ የኪሎው ቁጥር ሁልጊዜ ከሊትሩ ማነስ አለበት። በልጦ ካገኛችሁት ሳትፈርሙ ስሌቱን ድገሙት።

አሁን አንድ ሥራ እንስጣችሁ። በማጂ አንድ የወፍጮ ሞተር በሰዓት 1.68 ኪሎ ናፍጣ ይበላል እንበል። 5 ሰዓት ለመፍጨት ባለወፍጮው ስንት ሊትር ይቅዳ? 10 ሊትር ካገኛችሁ ልክ ናችሁ።