ሰማንያ አንድ ካራት

ፒያሳ ወርቅ ሊገዛ የገባ ሰው ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ስንት ግራም፣ ስንት ካራት። ንጹሕ ወርቅ 24 ነው። 18 ካራት ሲባል ከ24 እጅ 18ቱ ወርቅ፣ የቀረው እንደ መዳብና ብር ያለ ቅይጥ ነው፤ 10 ግራም በሚመዝን ባለ 18 ካራት አምባር ውስጥ ንጹሑ ወርቅ 7.5 ግራም ይሆናል ማለት ነው።

ይህን ስሌት ለኮምፒውተር እንስጠው። ክብደትና ካራት ተቀብሎ የንጹሑን ወርቅ መጠን የሚመልስ ፈንክሽን ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሁለት መስመር ይበቃዋል። ሻጩ ተቻኩሎ በ18 ፋንታ 81 ቢጽፍስ? ማሽኑ «ኧረ ጌታዬ!» አይልም፤ 33.75 ብሎ ይመልሳል። ከ10 ግራም አምባር 33.75 ግራም ወርቅ! ማባዛቱም ማካፈሉም ልክ ነው። የጎደለው በር ላይ ጠያቂ ነው።

ስለዚህ ፕሮግራመሮች ከስሌቱ በፊት ዘበኛ ያቆማሉ። ዘበኛው የተፈቀዱትን ዋጋዎች ይዟል፤ ሱቁ የሚሸጠው 18፣ 21 እና 24 ብቻ ከሆነ ሦስቱን ብቻ። «ከ1 እስከ 24» ማለት አይበቃም፤ 19 በዚያ ሾልኮ ያልፋል፣ ሱቁ ግን 19 ካራት የለውም። ከዝርዝሩ ውጪ የመጣውን ፓይተን ውስጥ ቫልዩኤረር በሚባለው ስህተት ይመልሱታል። መልእክቱ የመጣውንም የሚፈቀደውንም ቢናገር ይጠቅማል፦ «81 ካራት አይታወቅም፤ የሚፈቀዱት 18፣ 21፣ 24»። ሰነፍ ኮድ ደግሞ ያላወቀውን ሁሉ ዝም ብሎ 18 አድርጎ ያሳልፋል። እኔ ከዚህስ 33.75ቱን እመርጣለሁ፤ እሱ ቢያንስ ያስቃል።

ቁጥር ቀላል ነው፤ መከራው ቃል ላይ ነው። ክፍለ ከተማ የሚቀበል ፈንክሽን «አራዳ»ን ያውቃል እንበል። «ዐራዳ» ብሎ የጻፈለትን ግን ይመልሰዋል፤ ለጆሯችን አንድ የሆኑት አ እና ዐ በዩኒኮድ፣ ማለትም ለፊደላት ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተር ሥርዓት፣ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። ስለዚህ ከማነጻጸር በፊት ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ መልክ ማምጣት፣ ከቃሉ ፊትና ኋላ የተረፈ ክፍት ቦታም ካለ መቁረጥ ያስፈልጋል።

ዝርዝሩ ራሱም ያረጃል። አዲስ አበባ 10 ክፍለ ከተሞች ነበሯት፤ በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ለሚ ኩራ ሲጨመር 11 ሆኑ። አሥሩን ስም አንድ ቦታ ላይ ብቻ የጻፈ ፕሮግራመር አንድ መስመር ጨምሮ ይገላገላል። በየፈንክሽኑ ከገለበጠው ግን የለሚ ኩራን ነዋሪ አንዱ በር ያስገባዋል፤ ቀጣዩ «እንዲህ ያለ ክፍለ ከተማ የለም» ይለዋል።