አውሮፕላኑ በሩን ዘግቶ ለምን ይቆማል? የአየር ትራፊክ ፍሰት ቅልጥፍና አለካክ

አብራሪው «የመነሻ ፈቃድ እየጠበቅን ነው» ሲል በርካታ መንገደኞች ብልሽት የደረሰ ይመስላቸዋል። ምክንያቱ ግን ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ በመዳረሻው የአየር ክልል የተፈጠረ መጨናነቅ ሊሆን ይችላል። አውሮፕላኑ በመዳረሻው ሰማይ እየዞረ ነዳጅ ከሚያቃጥል፣ ሞተሩን ሳያስነሣ መሬት ላይ ቢቆይ ይመረጣል። የአየር ትራፊክ ፍሰት አስተዳደር መሠረቱ ይኸው ነው።

የአንድ መንደርደሪያ አቅም ውስን ነው። አውሮፕላን ከኋላው ኃይለኛ የአየር አዙሪት ስለሚተው፣ በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ነባር የርቀት ደንብ መሠረት በራዳር ቁጥጥር ሥር ከባድ አውሮፕላንን ሌላ ከባድ ሲከተለው 4፣ መካከለኛ ሲከተለው 5፣ ቀላል ሲከተለው 6 የባሕር ማይል (11 ኪሎ ሜትር ገደማ) ይራራቃሉ። በመሆኑም የማረፊያ ቅደም ተከተሉ ራሱ በሰዓት የሚስተናገዱትን በረራዎች ቁጥር ይቀይራል። በአዲስ አበባ ቦሌ ሁለቱ መንደርደሪያዎች ተቀራርበው የተዘረጉ ስለሆኑ እንደ ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ማረፊያዎች አይቆጠሩም፤ በረራዎችም መንገደኛ እንዲቀባበሉ በተወሰኑ ሰዓታት ይሰበሰባሉ። በዚያ ሰዓት የሚባክን ደቂቃ ቀጣይ በረራ ሊያሳጣ ይችላል።

ቅልጥፍናን ለመለካት ብዙዎች የሚጠቅሱት ሰዓት አክባሪነትን ነው። ይህ መለኪያ ጠቃሚ ቢሆንም ብቻውን ያሳስታል፤ የበረራውን መርሐ ግብር በማስረዘም ብቻ «በሰዓቱ ደረሰ» ማሰኘት ይቻላልና። ይበልጥ የሚታመነው ተጨማሪ ጊዜን መለካት ነው። አውሮፕላኑ ያለ እንቅፋት ከማቆሚያው እስከ መነሻው 10 ደቂቃ የሚበቃው ሆኖ 16 ከፈጀበት፣ ተጨማሪው 6 ደቂቃ ይመዘገባል። በማረፊያው ዙሪያ ባለው የአየር ክልል የሚባክነው ጊዜም በተመሳሳይ መንገድ ይሰላል።

መሻሻል የሚመጣው አየር መንገዱ፣ ኤርፖርቱና የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች አንድ ዓይነት መረጃ በእኩል ጊዜ ሲያገኙ ነው። በአውሮፓ ፍሰቱን ለማመጣጠን የመነሻ ሰዓት የተመደበለት አውሮፕላን ከተመደበው 5 ደቂቃ ቀድሞ ወይም እስከ 10 ደቂቃ ዘግይቶ መነሣት አለበት፤ ካለፈ አዲስ ሰዓት መጠበቅ ግድ ይሆናል።

ሻንጣውን አስረክቦ በመሳፈሪያው በር ያልተገኘ መንገደኛ ጉዳይ ክብደቱ እዚህ ላይ ነው። ሻንጣው ተፈልጎ መውረድ ስላለበት ሁሉም የተመደበላቸው ሰዓት ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ መንገደኞች በይለፍ ወረቀታቸው ላይ በተጻፈው የመሳፈሪያ ሰዓት በበሩ እንዲገኙ ይመከራል። በመዘግየት ምክንያት ቀጣይ በረራ የሚያመልጣቸው ተጓዦች፣ የመዘግየቱን ምክንያትና አዲሱን የመነሻ ሰዓት የሚጠይቁት ትኬቱን ከሰጣቸው አየር መንገድ ነው።