ከጌሾው በፊት ጋኑን፤ ለቤት ጠላ ዕቃ ሲመርጡ

ለልጅዎ ክርስትና ወይም ለማኅበር ተራዎ ጠላ በቤትዎ ለመጥመቅ አስበዋል እንበል። ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምንጠይቀው ስለ ጌሾውና ስለ ብቅሉ ነው። ነገር ግን ጌሾው ምርጥ፣ ብቅሉም ትኩስ ሆኖ ዕቃው ካልተስማማ ልፋቱ ሁሉ ሆምጣጤ ሆኖ ይቀራል።

ጉዳቱ ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት ወደ ሰቆጣ እንሂድ። የዋግ ኽምራ ሰው በደጋው ገብስ፣ በቆላው ማሽላ ያመርታል፤ ዝናብ ግን ብዙ ጊዜ ያጥረዋል። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቆም የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ በዚህች ከተማ ስም መጠራቱን ያስታውሱ። እንዲህ ባለ አገር ለጠላ የሚወጣ እህል ከጎተራ የተቀነሰ ነው፤ የተበላሸ ጋን ማለት የባከነ እህል ነው። ጋን ማጠብና ማጠን እንደ ቀላል ሥራ የማይታየውም ለዚህ ነው።

ለከተማ ነዋሪም ከዚያ የሚወሰድ ትምህርት አለ። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ ብዙ አትለይም። የሌሊቱ ብርድ የጋራችን ነው።

ሸክላ፣ ፕላስቲክ ወይስ ብረት?

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነውና ማሸጊያ ምርቱን ሲያስከብርም ሲያዋርድም አያለሁ። በጠላ ደግሞ ዕቃው ማሸጊያ ብቻ ሳይሆን የምርቱ አካል ነው።

*የሸክላ ጋን፦* የሸክላው ቀዳዳዎች የወይራውን ጭስ ሽታና ያለፈውን ጥንስስ እርሾ ይይዛሉ። ሲገዙ በጣትዎ መታ መታ ያድርጉት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፣ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። ውኃ ሞልተው አሳድረው ይፈትሹት። አሟሟሹን ከሸክላ ሠሪዋ ይጠይቁ፤ ከእሷ በላይ የሚያውቀው የለም።

*ፕላስቲክ፦* ለምግብ ተብሎ የተሠራውን ብቻ ይምረጡ፤ የብርጭቆና የሹካ ምልክት ይፈልጉ። ቀለም፣ ዘይት ወይም ኬሚካል የነበረበት በርሜል ቢታጠብም አይሆንም። ፕላስቲክ በፍም አይታጠንም። ውስጡ ከተጫረም ተህዋስያን ስለሚደበቁበት ይቀይሩት።

*ብረት፦* ስቴንለስ ስቲል ጥሩ ነው፤ የቢራ ፋብሪካዎችም የሚጠቀሙት እሱን ነው። ዚንክ ከተቀባ ላሜራ የተሠራ ባልዲ ግን ይቅርብዎ። የጠላው አሲድ ዚንኩን አሟሙቶ ሊመርዝ ይችላል።

አቀማመጥ

ከመሙላትዎ በፊት ቦታውን ይወስኑ። ባለ 20 ሊትር ዕቃ ሲሞላ ከ20 ኪሎ በላይ ነውና ሲያነሱት ይሰበራል፤ ወገብዎንም ይጎዳል። ባዶ ሲሚንቶ ላይ አያስቀምጡት፤ ከሥሩ ጣውላ ወይም ወፍራም ጨርቅ ያድርጉ። በረንዳ ለሌሊት ብርድ የተጋለጠ ነው፤ ከኩሽና አጠገብ ያለ ፀሐይ የማይመታው ጥግ ይሻላል። በብርድ ወር ብርድ ልብስ ያልብሱት፤ ቅዝቃዜ እርሾውን ያዘገየዋል።

ጋኑን በግራዋ ቅጠል ፈትገው ይጠቡ፣ በንጹሕ ውኃ ያለቅልቁ፣ ያድርቁ፤ ከዚያ በወይራ ጭስ ላይ ደፍተው ያጥኑ። ጭሱ ለመዓዛ ብቻ አይደለም፤ ጠላ የሚያበላሹ ተህዋስያንንም ይቀንሳል። ሲያጥኑ መስኮት ይክፈቱ።

አከዳደን

ጠላን የሚያኮመጥጠው አየር ነው። ስለዚህ ድፍድፉ በደንብ ይከደናል፤ ፈጽሞ ግን አይታፈንም፤ ምክንያቱም እርሾው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያመነጫል። ሸክላና የጭቃ ምርጊት ጋዙን ቀስ እያሉ ያስወጣሉ፤ ፕላስቲክና ብረት ግን አያስወጡም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ክዳኑን በስተው ቀጭን ንጹሕ ቱቦ ያስገቡ፣ ዙሪያውን ይድፈኑ፣ የቱቦውን ሌላ ጫፍ ውኃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይንከሩ። ጋዙ እየተንቦጫቦጨ ይወጣል፤ አየር ተመልሶ አይገባም። ድፍድፉ ሲነሳ እንዳይገነፍልም የዕቃውን ሩብ ባዶ ይተዉ።

የተጠለለውን ጠላ በመስታወት ጠርሙስ ሞልተው አጥብቀው አይክደኑ፤ ሊፈነዳ ይችላል። አልኮል አለበትና ለልጆችና ለነፍሰ ጡር አይቅረብ።

ከመጀመርዎ በፊት

ጥንስሱ፣ ድፍድፉና ማጥለሉ በብርድ ወር 3 ሳምንት ገደማ ሊወስዱ ስለሚችሉ ቀኑን ከድግሱ ወደኋላ ይቁጠሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ደግሞ በአነስተኛ እንስራ ይሞክሩ፤ ቢበላሽ እንኳ የሚባክነው እህል ጥቂት ይሆናል።