የገጠር ጎጆ በሄለን አሊንግሃም የውሃ ቀለም ሥዕሎች

ሄለን አሊንግሃም (1848–1926 እ.ኤ.አ.) በደቡብ እንግሊዝ የሚገኙ የገጠር ሠራተኞችን ጎጆ ቤቶች በውሃ ቀለም በመሣል የታወቀች እንግሊዛዊት ሠዓሊ ነበረች። በሥዕሎቿ ተራው መኖሪያ ቤት የሰላም፣ የቤተሰብና ያለፈው ዘመን ምልክት ነው። ሆኖም ቤቶቹን ሁልጊዜ እንዳየቻቸው አልሣለችም።

አሊንግሃም በመጀመሪያ «ዘ ግራፊክ» ለተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ ሥዕል ትሠራ ነበር። በ1881 እ.ኤ.አ. ከለንደን ወጥታ በሰሬይ አውራጃ፣ በዊትሊ መንደር አቅራቢያ መኖር ጀመረች። የባቡር መስመር አካባቢውን ከለንደን ጋር ስላቀራረበው የከተማ ሰዎች ይሰፍሩበት ነበር፤ አሮጌዎቹ ጎጆዎችም ይፈርሱ ወይም መልካቸው እስኪጠፋ ይታደሱ ነበር። እርሷም ሳይጠፉ በሥዕል ልታስቀራቸው ተነሣች። ሥራዎቿ በ1886 እ.ኤ.አ. «የሰሬይ ጎጆዎች» በሚል ርዕስ ለንደን ውስጥ ለእይታ ቀረቡ። በ1890 እ.ኤ.አ. ደግሞ የንጉሣዊው የውሃ ቀለም ሠዓሊያን ማኅበር ሙሉ አባል የሆነች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

በሥዕሎቹ ጣሪያው ዝቅ ብሎ ቤቱን ያቅፋል፤ የግድግዳውና የአፈሩ ቀለም ስለሚቀራረብ ቤቱ ከመሬት የበቀለ ይመስላል። የአጥሩ በር መንገዱን ከቤት ይለያል። በሩ ላይ ብዙ ጊዜ ሕፃን የታቀፈች እናት ወይም ልጆች ይቆማሉ፤ ወንዶች እምብዛም አይታዩም፤ ሥራ ላይ ናቸው ተብሎ ይታሰባል። ከጭስ መውጫው የሚወጣ ቀጭን ጭስም ምድጃው እንዳልጠፋ ይናገራል። አበቦችን ለማሳየት አንዳንድ ጊዜ የደረቀውን ቀለም በስለት ፍቃ የወረቀቱን ነጭ ታወጣ ነበር።

ከሁሉም የሚያነጋግረው መስኮቱ ነው። ጎጆው በእድሳት ሰፋፊ መስታወት ተገጥሞለት ከሆነ፣ አሊንግሃም በምትኩ በእርሳስ ማዕድን የተያያዙትን የድሮ ትንንሽ መስታወቶች ትሥል ነበር። ጣሪያውንም ወደ ሣር ክዳን የመለሰችበት ጊዜ አለ። ይህ የጠፋውን መመለስ ነው፤ ነገር ግን የነዋሪውን ኑሮም ይሸፍናል። ከ1870ዎቹ ጀምሮ የእንግሊዝ ግብርና ተዳክሞ ብዙ ሠራተኞች ወደ ከተማ ይሰደዱ ነበር። ከቀሩት የብዙዎቹ ቤት እርጥበት የበዛበትና የተጨናነቀ ነበር። ለነዋሪው ሰፊ መስኮት ብርሃን ነው፤ ሥዕሉን ለሚገዛው የከተማ ሰው ግን ውበት የሚያጠፋ ነገር ነበር።

የእንጨት ማዋቀሪያውን፣ የጡብ አደራደሩንና የውጭ ግድግዳውን የሚሸፍኑትን የሸክላ ንጣፎች በጥንቃቄ ስለሣለች፣ ሥራዎቿ ዛሬ ስለፈረሱ ቤቶች እንደ ማስረጃ ያገለግላሉ። መስኮቶቹን ግን እንደ ማስረጃ ከመውሰድ በፊት ማመሳከር ያስፈልጋል።